በዘፈን የወረደው ቃሬዛ

ሻሺቱን ማስደሰት የፈለገ ሰው ስለ እጇ ማውራት ይበቃዋል። «ይህ እጅ እኮ ስንቱን ተቀበለ!» ያላት እንደሆነ ፊቷ በርቶ ቤት ያፈራውን ሁሉ ታቀርብለታለች። ማስቆጣት የፈለገ ደግሞ «አሁንማ እጅሽ አርፏል አሉ» ይበላት። ከጨንቻ በላይ ያለችው መንደራችን በብርዷ የታወቀች ናት፤ የዚያን ሰዓት ግን ከሻሺቱ ፊት የመንደሩ ብርድ ይሻላል።

አዋላጅነቱን የወረሰችው ከአክስቷ ነው። አክስቲቱ በምልክት ብቻ የሚያዝዙ ዝምተኛ ሴት ነበሩ ይባላል። ሻሺቱ ግን ከዝምታ ጋር ተዋውቃ አታውቅም። ምጥ የያዛት ሴት ከንፈሯን ነክሳ ዝም ካለች ትናደዳለች። እጇን በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥባ፣ የሴትዮዋን ወገብ በቅቤ እያሸች፣ «በይ እስቲ ባልሽን ስደቢው» ትላታለች። «እሱ ደግሞ ምን አደረገ?» የምትል የዋህ ከተገኘች፣ «እዚህ ያደረሰሽ ማን ሆነና!» ነው መልሷ። ከዚያ ስድቡ ይጀመራል። ያልተፈለጠው እንጨት፣ ቦርዴ ሲጠጣ የታመሸው ማምሻ፣ የእናቱ ምላስ፣ አንድም ሳይቀር ይወጣል፤ ሕፃኑም ተከትሎ ይወጣል። ስለዚህ በመንደሩ ገመናው ሻሺቱ ጆሮ ያልደረሰ ባል የለም። ስብሰባ ላይ እሷ ስትናገር ወንዶቹ መሬት መሬቱን የሚያዩትም ለዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በ1994 ዓ.ም. ጎረቤቷ አገኘሽ ጤነኛ ልጅ ከተገላገለች በኋላ ደሟ አልቆም አለ። ሻሺቱ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፤ «ማርያም፣ ማርያም» እያለችም ተማጸነች። አገኘሽ የሻሺቱን እጅ እንደያዘች አረፈች። ቀብሩ ከተፈጸመ በኋላ ሻሺቱ ብዙ ቀን ለማንም ወገብ አላሸችም፤ እጇን እያገላበጠች ታየው ነበር። እጇ የማይችለው ነገር እንዳለ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

በዓመቱ የልምድ አዋላጆች አርባ ምንጭ ወርደው ይሰልጥኑ ሲባል ቀድማ የተመዘገበችው እሷ ነበረች። የቆላውን ሙቀት እየረገመች፣ በየመሀሉ በነጠላዋ ፊቷን እያራገበች ተማረች። ጓንት፣ መቀስ፣ ሳሙናና የላስቲክ ምንጣፍ የያዘ ቦርሳ ተሰጣት። ደም ሲበዛ፣ ምጥ ሲረዝም፣ ልጅ ሲጋደም ለሐኪም መላክ እንዳለባትም ተነገራት፤ ይህን የሰማችው አገኘሽን እያሰበች ስለነበር አንድም ቃል አልጠፋባትም። ቦርሳውን ወስዳ ቤቷ ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። የተከበረ እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው ከዚያ ቦርሳ ሥር ነው።

ታዲያ በ2004 ዓ.ም. ፅዮን ስብሰባ ጠራች። ፅዮን የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ አርባ ምንጭ፣ ኩልፎ ዳር፣ በሙዝ ማሳ መሀል ያደገች፣ የደጋው ጭቃ ስንት ጫማ የበላባት ትዕግሥተኛ ልጅ። ከእንግዲህ ቤት ውስጥ መውለድ እንዲቀር መወሰኑን፣ የልምድ አዋላጆችም ማዋለዱን ትተው እናቶችን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲያጅቡ በትህትና አስረዳች። ትህትናው ሻሺቱን አላበረዳትም። ነጠላዋን አጣፍታ ብድግ አለችና፣ «ማጀብ የሚዜ ሥራ ነው፤ በስተርጅና ሚዜ ልታደርጊኝ ነው?» ብላ ጥላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ፅዮንን መንገድ ላይ ስታገኛት ሰማይ ሰማዩን እያየች ማለፍ ጀመረች።

ያ ጉደኛ ውሳኔ የተላለፈው እሷ ከወጣች በኋላ ነው። አምቡላንስ ከገበያው በታች ካለው መንገድ አልፎ ወደ መንደሩ መውጣት አይችልም። ወላዷ እስከዚያ በሰው ሸክም መውረድ ስላለባት ቃሬዛ ይሠራ ተባለ። ይኼኔ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተክለጻድቅ እጃቸውን አነሱ። እድሩ ሬሳ የሚሸከምበት ጥሩ የቀርከሃ ቃሬዛ አለው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ሥራ ፈትቶ ነው የሚከርመው፤ ታዲያ ለምን ሌላ ቀርከሃ ይቆረጣል? አሉ። ቆጣቢ ሕዝብ ነን፤ አጨበጨብን። ፅዮን ብቻ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ዘጋችው። የአገሩ ሽማግሌ ከተናገረ በኋላ የከተማ ልጅ ምን ትላለች?

በ2005 ዓ.ም. የሻሺቱ ልጅ የጌታነህ ሚስት ልክነሽ የመጀመሪያ ልጇን ፀነሰች። ልክነሽ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ልጅ ናት። ሻሺቱ «አማትና ምራት» የሚባለውን ወግ ልታደርስ ስንት ጊዜ ሞክራ፣ የምትጣላው ስታጣ ወደደቻት። ምጡ የመጣ ቀን ግን ያ ጭምትነቷ አስቸገረ። ወገቧን እያሸች «ስደቢው እንጂ» ብትላት፣ ልክነሽ በእናቱ ፊት ባሏን መስደብ አፍራ ከንፈሯን ነከሰች። ምጡ አደረ። ሲነጋ ሻሺቱ እጇን ሆዷ ላይ አኑራ ዳሰሰች፤ ከዚያ ደግማ ዳሰሰች። የሕፃኑ ራስ መገኘት ከነበረበት ቦታ የለም፤ ልጁ ተጋድሟል።

አክስቷ የተጋደመ ልጅ በእጃቸው ሲያዞሩ በልጅነቷ አይታለች። አንዴ ተሳክቶላቸው ነበር፤ ያልተሳካላቸውን ጊዜ ግን የሚያወራው የለም። ሻሺቱ እጇን አነሳች። ልጄ ላይ አልሞክረውም ብላ፣ ለወራት ሰላም ያላለቻትን ፅዮንን በሯ ድረስ ራሷ ሄዳ ጠራቻት። ፅዮን ቂም የማታውቅ ልጅ ስለሆነች ወዲያው ስልክ መታች፤ መኪናው ከገበያው በታች እንዲጠብቅ ተባለ። ሹፌሩ ቦታውን እንዳይስት እሷ ቀድማ ሮጠች፤ ሻሺቱ ደግሞ ጎረምሶቹን ሰበሰበች።

የእድሩ ቃሬዛ መጣ። ቅዳሜ ስለነበር ጋሽ ተክለጻድቅ በጠዋት ገበያ ወርደዋል፤ ቃሬዛውን አውጥተው የሰጡት ሚስታቸው ናቸው። ልክነሽን አስተኝተው፣ ብርድ እንዳይመታት ነጩን ቡሉኮ ከእግሯ እስከ አንገቷ ጣሉባት። ትንሽ እንደሄዱ ካፊያ ጀመረና ፊቷንም ሸፈኑላት። ጌታነህና ሦስት ጎረቤቶቹ በአራቱም ጫፍ ያዙ፤ ሻሺቱ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ከኋላ ተከተለች። እንግዲህ አስቡት፦ የእድሩ ቃሬዛ፣ ነጭ ቡሉኮ እስከ ራስ ድረስ፣ ከፊት ዓይኑ ያበጠ ባል፣ ከኋላ አንገቷን የደፋች አማት። ይህን አይቶ ሰው ሌላ ምን ይበል?

ጋሽ ተክለጻድቅ ድርና ማግ እያማረጡ ነበር። ቃሬዛቸውን ከሩቅ ለዩት፤ ጌታነህንም ለዩት። ባርኔጣቸውን አወለቁና ደረታቸውን እየደቁ «ወየው ልክነሽ፣ ወየው ለጋዋ ልጅ» እያሉ ጮኹ። ገበያው ተነሳ። ሴቶቹ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ፣ ወንዶቹ እንደ አገሩ ለቅሶ ወዲያ ወዲህ እየሮጡ መፎከር ጀመሩ። ከገበያው አጠገብ ዱቡሻችን አለ፤ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ እርቅም ለቅሶም የሚደረግበት ሜዳ ነው። ሬሳ በዚያ ሲያልፍ አውርዶ ማስለቀስ ደንብ ነው። እዚህ ላይ የሆነው ነገር እስካሁን ያስቃል፣ ያሳፍራልም፤ ተሸካሚዎቹ፣ የሞተ ሰው እንዳልያዙ እያወቁ፣ ከልጅነት ጀምሮ እግራቸው የለመደው ነውና ዱቡሻው መሀል ሲደርሱ ቃሬዛውን አወረዱት።

ልክነሽ ቡሉኮውን ከፊቷ ገለጠች። ልታለቅስላት ጎንበስ ያለችው ሴት ጮኻ ወደ ኋላ ወደቀች። ለቅሶው ተቋረጠ። ልክነሽ የሰውን ፊት አንድ በአንድ አየች፤ እንባውን አየች፤ ስሟ ተጠርቶ ሲለቀስም እየሰማች ነው የመጣችው።

«አለቀሳችሁልኝ» አለች ቀስ ብላ። «በቃ፣ ቤቴ መልሱኝ። ቤቴ ልሙት።»

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። በቁሙ ላለ ሰው ማልቀስ ጎሜ ነው፤ ጎሜ ማለት የተጣሰ ደንብ ነው፣ ሳይታረቁት ካለፉ ተከትሎ የሚመታ። በግ ይታረድ፣ ቤቷ ትግባና ይታረቅላት፣ መንገዱ ከዚያ በኋላ ይሁን ተባለ። ጌታነህ እያለቀሰ ጎንበስ ብሎ የቃሬዛውን ጫፍ አነሳ፤ ሌሎቹም አነሱ። ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አዞሩ።

ሻሺቱ የዚያን ሰዓት የታያት የአገኘሽ ፊት ነው። በግ እስኪታረድ፣ ሽማግሌ እስኪመርቅ፣ ልክነሽ እንደማትቆይ እጇ ነግሯታል። በጩኸት ማንንም እንደማትመልስም ገባት። ስለዚህ ጎንበስ ብላ ከዱቡሻው እርጥብ ሣር ነጨች፤ ሣሩን በሁለት እጇ ይዛ ከተሸካሚዎቹ ፊት ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

ይህን ያላየ ሰው ምን እንደሆነ አይገባውም። በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ደም የፈለገ ጎረምሳ እንኳ ጦሩን ይጥላል፤ እሱን አልፎ የሄደ የለም። ግን ይህ የሽማግሌ ወንዶች ሥልጣን ነው። ሴት ሣር ይዛ ዱቡሻ ላይ ስትንበረከክ ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ልጄ» አለችው ጌታነህን፣ «ወደ ላይ ከሄድህ እኔን ረግጠህ ነው።»

ጌታነህ ቆመ። ሻሺቱ እንደተንበረከከች ፊቷን አዞረች። ጋሽ ተክለጻድቅን እስከዚያ ቀን ድረስ አንቱ እንጂ አንተ ብላቸው አታውቅም።

«ተክለጻድቅ፣ ለቅሶውን የጀመርኸው አንተ ነህ። አንተው መልሰው።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን እያሻሹ፣ ለቅሶ እንዴት ይመለሳል? አሉ።

«በወጣበት አፍ ይመለሳል። ሙሽራ ስናወርድ የምንለውን በል። ይች ልጅ ሬሳ አይደለችም፤ ሙሽራ ናት፤ እኔም ሚዜዋ ነኝ።»

ጋሽ ተክለጻድቅ ዙሪያቸውን አዩ። ሽማግሌዎቹን አዩ፤ ከሽማግሌዎቹ መሀል አንዱ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እድሜ ልካቸውን ለቅሶ እንጂ ዘፈን አውጥተው አያውቁም፤ ድምፃቸውም እንደተሰነጠቀ እንስራ ነው። ቢሆንም ጀመሩት፦ «ልጃችን ወረደች፣ መንገድ ልቀቁላት…» እንባቸው ገና አልደረቀም ነበር። አንዲት ሴት ተቀበለቻቸው፤ ቀጥሎ ሌላዋ፤ ከዚያ እልልታው ገበያውን አናወጠው። አንድ ጥለት ሻጭ ከሸቀጡ መሀል ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆነውን የዶርዜ ጨርቅ መዝዞ አመጣ። ሻሺቱ የራሰውን ነጭ ቡሉኮ ገፋ አድርጋ ጨርቁን ለልክነሽ አለበሰቻት። ልክነሽ በሕመሟ መሀል የጨርቁን ጫፍ ጨበጠች። ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ መልሱኝ ማለቱን ግን ተወችው።

ታች መንገዱ ዳር ፅዮን ስልኳን ጨብጣ ሽቅብ ሽቅብ ስታይ፣ ገበያው በሙሉ እየዘፈነ ወረደባት። ሹፌሩ አስናቀ የመጡት ሠርገኞች ስለመሰሉት መንገድ ሊለቅላቸው መኪናውን አስነስቶ ነበር አሉ።

የተጋደመ ልጅ ቀዶ ጥገና ያሻዋልና መኪናው ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል አመራ፤ ከጨንቻ እስከዚያ ያለው ቁልቁለት ለጤነኛም ይከብዳል። ሻሺቱ የልክነሽን እጅ ይዛ ሁለቱ ሐይቆች ከታች ሲገለጡ እንኳ አላየቻቸውም። ቆላው ላይ፣ ጫኖ ሲደርሱ፣ ሙቀቱ ተቀበላቸው፤ ላቧን መጥረጊያ እጅ አልነበራትም። ሆስፒታል ልክነሽን ተቀብለው በሚንከባለል አልጋ አስገቧትና በሩ ተዘጋ። ያን ጊዜ ሻሺቱ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ቦርሳዋን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ መልሳ አነሳች። ፅዮን መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና ያን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው። ሻሺቱም አልነጠቀቻትም። ቀዶ ጥገናው አልቆ ነርሷ «እንኳን ደስ አላችሁ! ሴት ልጅ!» ብላ በጨርቅ የተጠቀለለችውን ስታመጣ፣ አያት ቀድማ የጠየቀችው እናትየዋን ነው። ደህና ናት አሏት። ስንቱን የተቀበለው እጅ ሕፃኗን ተቀበለ፤ ሻሺቱም አለቀሰች፤ ይህ ለቅሶ የሚመለስ አልነበረም፣ ማንም ይመለስ አላለም።

ሕፃኗ ፀደይ ተባለች። ጋሽ ተክለጻድቅ በራሳቸው እድር ተከሰሱ፤ ዳኛው እሳቸው ስለነበሩ ፍርዱን ራሳቸው ፈረዱ፦ ለእናቶች ብቻ የሚሆን አዲስ ቃሬዛ በገዛ ቀርከሃቸው ይሥሩ። ሠሩም። ሻሺቱ በቀይና በቢጫ ጥለት አስጌጠችው። ከዚያ ወዲህ መንደራችን ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት በዘፈን ነው የምትወርደው፤ ከፊት ሻሺቱ፣ ከኋላዋ ቃሬዛው። እስከዚያ ድረስ ጤና ጣቢያን ፈርተው ምጣቸውን የሚደብቁ ሴቶች ነበሩ። አሁንም አልፎ አልፎ አይጠፉም፤ ግን ብዙዎቹ «እኔንስ ዘፍናችሁ አታወርዱኝም?» እያሉ ገና ሲጀምራቸው ሻሺቱን ማስጠራት ጀመሩ። ፅዮን ለሪፖርቷ ምን ብላ እንደጻፈችው አላውቅም። ሻሺቱ ግን ሚዜ ሲሏት መቆጣቱን ትታለች።

በ2009 ዓ.ም. መንገዱ ተሠርቶ አምቡላንሱ መንደራችን ድረስ ወጣ። ልክነሽ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ደርሳ ነበር፤ የፊተኛዋን በቀዶ ጥገና ስለወለደች ምጡ ገና ሲጀምራት ነው አምቡላንሱ የተጠራላት። አስናቀ በር ላይ ሲያቆም ሴቶቹ ተሰብስበው አገኛቸው። ሻሺቱ ያን የሚጮኽ ነገር እንዳትነካው አለችውና እንደ ልማዷ ከመኪናው ፊት ቀድማ መራመድ ያዘች። ጉልበቷ ከድቷት ስለነበር መኪናው በእሷ እርምጃ ኋላዋ አዘገመ። ፅዮን በመስኮት ብቅ ብላ መኪናው ውስጥ እንድትገባ ለመነቻት፤ አልሰማ አለች። ከፊት እሷ ካልሄደች ሰው ምን ያውቃል?

ዱቡሻው አጠገብ ሲደርሱ ጋሽ ተክለጻድቅ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመዋል። መኪናውን አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሻሺቱ ያ የቅዳሜው ለቅሶ ትዝ አላት። ሽማግሌው ግን ያን የተሰነጠቀ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ልጃችን ወረደች» ብለው ጀመሩ። ሴቶቹ ተቀበሉ። ወጣቶቹ ከሻሺቱ ፊት ቀደሙ፤ ማንም ያዘዛቸው የለም፤ ዘፈኑ ያለ እሷ ቁልቁል ወረደ። ቆማ አየቻቸው።

ልክነሽ ከውስጥ፣ «እማዬ፣ ይግቡልኝ እንጂ። እጅዎን ይስጡኝ» አለች።

ሻሺቱ ገባች። በሩ ተዘጋ፤ ልክነሽ እጇን ጨብጣ ከንፈሯን ነከሰች።

«እንደገና ዝም ልትይ ነው?» አለቻት ሻሺቱ። «በይ፣ ያን ልጄን ስደቢው።»

ጌታነህ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጧል። ልክነሽ አየችው፣ አማቷን አየች፣ ትንፋሿን ሳበችና ካለፈው ክረምት ወዲህ ከሚያፈሰው ጣራ ጀመረች። ጨንቻን እስኪያልፉ አልጨረሰችም።